ሽለላ በሳክስፎን፤ ስለ ጌታቸው መኩሪያ የሙያ ሕይወትና ጥበብ

በአገራችን ልማድ የጀግንነት ነገር በተነሣ ጊዜ ሁሉ ቀዳሚው ቃል ነው። ዘማቹ ወደ ጦር ሜዳ ሲወርድ ይሸልላል፣ ድል አድርጎ ሲመለስ በጌታው ፊት ይፎክራል፣ አዝማሪው በማሲንቆው እያጀበ ያወድሰዋል፣ በሞተም ጊዜ አልቃሽ በግጥም ታነሣዋለች፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ዜማው የቃሉ አገልጋይ ሆኖ ከኋላ ይከተላል እንጂ ከፊት አይቀድምም። ታዲያ ከባሕር ማዶ የመጣ፣ ከነሐስ የተሠራ፣ ከፊደል ገበታ አንዲቱን እንኳ መጥራት የማይቻለው መሣሪያ ይህን የቃል ጥበብ ተረክቦ ብቻውን ሲሸልል፣ አድማጩም አንድ ቃል ሳይሰማ ወኔው ሲነሣሣና ነገሩ ሲገባው፣ ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ያደረጉት የቴነር ሳክስፎኑ ሊቅ አቶ ጌታቸው መኩሪያ ናቸው፤ የዛሬው ንግግሬም የእርሳቸውን የሙያ ሕይወትና የጥበባቸውን ምሥጢር በተቻለኝ መጠን ለመግለጥ ነው።

ስለ ሰውየው ከመናገሬ አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት ልበል። ሳክስፎን እንደ በገናና እንደ ክራር ጥንተ ልደቱ የማይታወቅ መሣሪያ አይደለም፤ ፈጣሪውም ዘመኑም የታወቁ ናቸው። አዶልፍ ሳክስ የተባለ ቤልጅጋዊ የመሣሪያ ሠሪ በፓሪስ ተቀምጦ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1846 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፤ መሣሪያውንም በራሱ ስም ጠራው። አካሉ ነሐስ ስለ ሆነ ላየው ሰው ከመለከት ወገን ይመስላል፤ ነገር ግን ድምፁን የምትወልደው በአፉ ላይ የምትታሰር ስስ የሸምበቆ ምላስ ስለ ሆነች፣ ባለሙያዎች ከእንጨት መሣሪያዎች ከነክላሪኔት ጋር ይቆጥሩታል። ነፊው ይህችን ምላስ በታችኛው ከንፈሩ ደግፎ ይይዛታል፤ ከንፈሩን ጥቂት ቢያጠብቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ቢያላላ ዝቅ ይላል፣ መንጋጋውን ቢያነቃንቅ ይርገበገባል፣ እየነፋ በጉሮሮው ቢያጉረመርም ደግሞ ይሻክራል። በፒያኖ ላይ እያንዳንዱ ድምፅ በየቤቱ ተዘግቶ ሲቀመጥ፣ በሳክስፎን ላይ ግን አንዱ ድምፅ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ሊገባ ይችላል፤ ይህም የሰው ጉሮሮ ጠባይ ነው።

መሣሪያው በመጀመሪያው ዘመኑ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው በወታደር ባንድ ውስጥ ነበር። ከሰልፍ ሙዚቃ አውጥተው ነፍስ የዘሩበት የአሜሪካ ጥቁር ሙዚቀኞች ናቸው፤ እነርሱም በባርነት ዘመን ከኖሩት አባቶቻቸው የወረሱትን የእርሻ ላይ ጥሪ፣ የብሉዝን እንጉርጉሮና የቤተ ክርስቲያናቸውን መዝሙር ወደ መሣሪያው ውስጥ ስላስገቡት፣ በጃዝ ሙዚቃ ሳክስፎን ከሰው ድምፅ ጋር የሚወዳደር ተናጋሪ ሆነ። በተለይም ኮልማን ሆኪንስ እ.ኤ.አ. በ1939 ‹ቦዲ ኤንድ ሶል› የተባለውን ዜማ በሸክላ ካስቀረጸ ወዲህ፣ ቴነር ሳክስፎን ከማኅበሩ ተነጥሎ ብቻውን ነገር ጀምሮ መፈጸም እንደሚችል ዓለም ዐወቀ።

ወደ አገራችንስ እንዴት ገባ? የዓድዋ ድል ዝናው በአውሮፓ ከተሰማ በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ኒኮላስ ለዐፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎችን በስጦታ እንደ ላኩ ይታወቃል፤ በቤተ መንግሥትም የሰልፍ ሙዚቃ መሰማት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ቆይቶም በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ፣ ወላጆቻቸውን በእልቂት ያጡ አርባ የአርመን ልጆች የሚነፉትን ሙዚቃ ሰምተው ስለ ተደሰቱ፣ ልጆቹ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ፤ ‹አርባ ልጆች› የተባሉትም እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሰ ሰው ሲሆን፣ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም ከእርሱ በኋላ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን በማሠልጠንና የአገሩን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ በማዘጋጀት ዘመኑን ፈጸመ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ክብር ዘበኛው፣ ጦር ሠራዊቱ፣ ፖሊሱና ማዘጋጃ ቤቱ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ባንድ ስላቋቋሙ፣ በዚያ ዘመን መለከትና ሳክስፎን መማር የሚፈልግ ወጣት ደጅ የሚጠናው በእነዚህ መሥሪያ ቤቶች ነበር።

አቶ ጌታቸው መኩሪያ የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. በይፋት ነው። የመጀመሪያ ትምህርታቸው የአገር መሣሪያ ነበር፤ ክራርና ማሲንቆ ተጫውተዋል፤ ክላሪኔትንና ሳክስፎንን የያዙት ከዚያ በኋላ ነው። በ1941 ዓ.ም. ገና የዐሥራ አራት ዓመት ያህል ልጅ ሳሉ ወደ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገቡ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ ኢዮቤልዩ በተከበረበት በ1948 ዓ.ም. በተከፈተ ጊዜ ከኦርኬስትራው ጋር ተሰለፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ወደ ፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ተዛወሩ። ይህ የሕይወት ታሪክ ሲነገር አጭር ይመስላል፤ ነገር ግን የሥርዓትና የትጋት ዘመን ነው። በእነዚህ ባንዶች ውስጥ የሚያገለግል ሙዚቀኛ ማርሹንም፣ የቴአትሩን መግቢያም፣ የዘፋኙን አጃቢ ዜማም፣ የዳንሱን ሙዚቃም በየተራው መጫወት ነበረበት፤ የግል ስሜቱን ለማውጣት የሚፈቀድለት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ያን ጥቂት ጊዜ ባገኘ ጊዜ ግን ጣቶቹና ትንፋሹ ለታዘዙት ሁሉ የተዘጋጁ ሆነው ይጠብቁታል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ እያልን በአንድ ትንፋሽ የምንጠራቸው ሦስቱ የጀግና ንግግሮች ጠባያቸው አንድ አይደለም። በቀረርቶ ጊዜ ድምፅ ከፍ ብሎ ይረዝማል፤ ከበሮ አይቆጥርለትም፣ እጅ አያጨበጭብለትም፤ ልኩ የባለቤቱ ትንፋሽ ብቻ ነው። ፉከራው ከዜማ ይልቅ ወደ ንግግር ያዘነብላል፤ ፎካሪው ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ በየት ቦታ ምን እንደ ሠራ፣ ጠላቱንም እንዴት እንዳደረገው በፍጥነት ይቆጥራል፤ ቃላቱም እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ይወጣሉ። ሽለላው በሁለቱ መካከል ሆኖ ዜማ አለው፣ ምትም አለው፣ ተቀባይም አለው፤ ሰሚው ዝም ብሎ እንዲቀመጥ ሳይሆን ተነሥቶ እንዲከተል የሚያዝ ጥበብ ነው። እነዚህን ሦስቱን በመሣሪያ ለማውጣት የሚነሣ ሙዚቀኛ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፤ ረጅም ድምፅ፣ የሚቋረጥና የሚቀጠል ትንፋሽ፣ ሜዳ የሚሞላ ጉልበት።

የአገር መሣሪያዎቻችንን በዚህ ሚዛን ብናይ እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። ክራር ሲመታ ድምፁ ወዲያው ስለሚሞት ቀረርቶውን ማርዘም አይችልም። ማሲንቆ በፈረስ ጭራው ድምፁን እንደ ፈለገ ያስረዝማል፣ እንደ ሰው ጉሮሮም ያንሸራትታል፤ ነገር ግን ትንፋሽ ስለሌለው መተንፈስ አያስፈልገውም፤ የጀግናው ደረት ሲሞላና ሲጎድል አይሰማበትም። ዋሽንት ትንፋሽ አለው፤ ድምፁ ግን የእረኛና የትካዜ እንጂ የጦር ሜዳ አይደለም። ሳክስፎን ግን ከማሲንቆው መንሸራተትን፣ ከዋሽንቱ ትንፋሽን፣ ከእምቢልታውም ጉልበትን የወሰደ ያህል ሦስቱን ባንድነት ይዞ ተገኘ። አዶልፍ ሳክስ ይህን ሲሠራ ስለ ሽለላ የሰማው ነገር አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ማሲንቆ በልጅነቱ የያዘ፣ በኋላም ነሐስ የነፋ የይፋት ሰው ባይመጣ ኖሮ በመሣሪያው ውስጥ የነበረው ይህ ችሎታ ለእኛ ሳይገለጥ ይቀር ነበር ማለት ይቻላል።

አቶ ጌታቸው በሳክስፎን ሲሸልሉ የሚያደርጉትን በቅርብ እንመልከት። አጃቢዎቹ አንድን አጭር ሐረግ እየደጋገሙ መሬቱን ያነጥፋሉ፤ ከዚያ ምት ጋር እኩል ይራመዳል ተብሎ ሲጠበቅ ሳክስፎኑ በላይ በኩል ረጅም ድምፅ ይዞ ይገባል። ያ ድምፅ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ በኃይል ይርገበገባል፤ መርገብገቡም እየሰፋ ሄዶ አንድ የነበረው ድምፅ ሁለት ወደ መምሰል ይደርሳል። ትንፋሹ ሊያልቅ ሲል ድምፁን በለሆሳስ አያሳርፉትም፤ ብዙ ትናንሽ ድምፆችን በአንድ ጊዜ ወደ ታች ያፈስሳሉ፤ ይኸውም ፎካሪው በስንኙ መጨረሻ ላይ ቃላቱን አከታትሎ የሚጥልበት አኳኋን ነው። ከዚያም ዝም ይላሉ። ይህ ዝምታ የድካም አይደለም፤ ፎካሪው ተናግሮ ዙሪያውን የሚያይበት፣ ‹ማነው የሚመልስልኝ› የሚልበት ጊዜ ነው። ባንዱ ሐረጉን መደጋገሙን አይተውም፤ እርሳቸው እንደ ገና ሲገቡ ካቆሙበት ከፍ ብለው ይጀምራሉ። አድማጩ ግጥም ባይሰማም፣ ግጥሙ የት እንደሚጀመር፣ የት እንደሚታጠፍ፣ የት ቤት እንደሚመታ በጆሮው ያውቀዋል፤ ምክንያቱም የቃሉ ዐፅም ሳይነካ ተቀምጧል።

ይህ የሥራቸው ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በፊሊፕስ ኩባንያ በታተመ አንድ ሙሉ ሸክላ ላይ ተቀረጸ። በውስጡ ሽለላው ብቻ ሳይሆን እንደ ‹አካሌ ውቤ› ያሉ የታወቁ የአገር ዜማዎችም በዚያው አንደበት ይነገራሉ፤ በአምባሰልም ቅኝት ሲጫወቱ ያ የጦር ሜዳ ድምፅ ሳይለቃቸው ወደ ኀዘንና ወደ ናፍቆት ሲመለስ ይሰማል። ጊዜው የአዲስ አበባ የምሽት ሙዚቃ በተስፋፋበትና፣ አምሃ እሸቴን የመሰሉ ደፋር ሸክላ አሳታሚዎች በተነሡበት ወራት ነበርና፣ ዘፋኝ የሌለበት ሸክላ ከዘፋኞች ሸክላ ጋር ለመቆም መቻሉ በራሱ የሚያስመሰግን ነው።

አሁን ከብዙ ሰው የሚነሣውን ጥያቄ ላንሣ፤ ይህ ጃዝ ነውን? የውጭ አገር ሐያስያን ይህን ሸክላ በሰሙ ጊዜ ኦርኔት ኮልማንንና አልበርት አይለርን አስታወሱ። እነዚህ ሁለቱ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ‹ፍሪ ጃዝ› የተባለውን መንገድ ያቀኑ፣ በሳክስፎን የሚጮኹ፣ የሚያለቅሱ፣ ከምትና ከስምም (ሃርመኒ) ሕግ ውጭ ወጥተው የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ድምፁን ላዳመጠ ሰው መመሳሰሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ወደዚያ ድምፅ የደረሱበት መንገድ የተለያየ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። አሜሪካውያኑ ከእነርሱ በፊት የነበሩት የጃዝ ሊቃውንት የሠሩትን የተራቀቀ የስምም ሥርዓት ተምረው፣ ያ ሥርዓት ስለ ጠበባቸው አፍርሰውት ወጡ። አቶ ጌታቸው ግን የሚያፈርሱት የስምም ሕግ አልነበራቸውም፤ የአገራችን ቅኝት በአምስት ድምፅ የቆመና በአንድ የዜማ መስመር የሚሄድ ነው፤ ቀረርቶውም ከጥንት ጀምሮ ከምት ነፃ ነው። ስለዚህ አንደኛው ወገን ሕግን በመሻር ያገኘውን ነፃነት እርሳቸው ሕግን በመጠበቅ አገኙት። ይህ የንግግሬ ሁሉ ማዕከል ስለ ሆነ ደግሜ እላለሁ፤ የጌታቸው መኩሪያ አዲስነት የመጣው ከአሮጌው በመራቅ አይደለም፤ አሮጌውን ከሌላው ሁሉ ይልቅ አጥብቆ በመያዝ ነው።

ይህን የበለጠ ለማብራራት አንድ ምሳሌ ከዚያው ከአሜሪካ ልጥቀስ። ጆን ኮልትሬን የተባለው ታላቁ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 9 ቀን 1964 ‹ኤ ላቭ ሱፕሪም› የተባለውን ሥራውን ሲቀርጽ፣ አራተኛውን ክፍል መዝሙር ብሎ ሰይሞ ራሱ የጻፈውን የምስጋና ጸሎት በሳክስፎን አነበበው፤ የጸሎቱን ጽሑፍ በእጁ ይዞ የሚያዳምጥ ሰው የዜማውን ሐረግ ከጽሑፉ ቃላት ጋር ማስተካከል ይችላል። ኮልትሬን የሰባኪ የልጅ ልጅ ነበረ፤ በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰባኪው ንግግሩን ወደ ዜማ እንዴት እንደሚያሻግር እየሰማ አደገ። እንግዲህ በአንድ ዘመን፣ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ አንዱ ከጸሎት አንዱ ከፉከራ ተነሥተው፣ ቃልን ያለ አንደበት በአንድ ዓይነት መሣሪያ መናገር ቻሉ። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንብን አይገባም፤ በቅዱስ ያሬድ ሥርዓትም ዜማ የሚመዘነው ንባቡን በማገልገሉ ነውና፤ ግዕዙም ዕዝሉም አራራዩም የቃሉን ጠባይ እየተከተሉ ይዜማሉ። ስለዚህ ጃዝ ማለት ዋልትዝና ማርሽ ያልሆነ፣ የአሜሪካን ዜማ የሚቀዳ ሙዚቃ ማለት ከሆነ አቶ ጌታቸው የጃዝ ሰው አይደሉም፤ ጃዝ ማለት ግን ተጫዋቹ የሕዝቡን አነጋገር በመሣሪያው ተናግሮ፣ በዚያው ቅጽበት እየፈጠረ፣ ከሺህ ተጫዋቾች መካከል በአንድ ድምፅ የሚታወቅበት ጥበብ ከሆነ፣ በዚህ ማዕርግ ከእርሳቸው የሚቀድም በአገራችን ጥቂት ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ አልፈዋለሁ፤ ሰዓት እላፊው የከተማውን የምሽት ሙዚቃ እንዳጠፋው፣ ብዙ ሙዚቀኞችም ከአገር እንደ ወጡ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አቶ ጌታቸው ከሙያቸው አልተለዩም፤ ስማቸው ከአገር ውጭ የተነሣው ግን እጅግ ዘግይቶ ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ‹ኢትዮፒክስ› በተባለው ተከታታይ የሲዲ ኅትመት የድሮውን ሙዚቃችንን ለዓለም ሲያሰማ፣ ዐሥራ አራተኛውን ቍጥር ለጌታቸው መኩሪያ ሰጠ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ2003 ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት የቦስተኑ ‹ኢዘር ኦርኬስትራ› አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከእርሳቸው ጋር በመድረክ ተጫወተ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ከሆላንድ የመጣው ወዳጅነት ነው። ‹ዘ ኤክስ› የተባለው የአምስተርዳም ባንድ እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተ የፐንክ ሮክ ቡድን ነው፤ ጊታሮቻቸውን እንደ ከበሮ የሚደበድቡ፣ ለስላሳ ነገር የማይወዱ ሙዚቀኞች ናቸው። ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን እ.ኤ.አ. በ2004 ሲያከብሩ አቶ ጌታቸውን ጋበዟቸው፤ ወደ ሰባ ዓመት የተጠጉት አዛውንትም እነዚህን ጎበዞች አይተው አጃቢዎቼ ሁኑ አሏቸው። በዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ2006 ‹ሞአ አንበሳ›፣ በ2012 ደግሞ ‹የአንበሳው ትዝታ› የተባሉት ሥራዎች ታተሙ፤ ለብዙ ዓመታትም በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ መድረኮች አብረው ዞሩ። በነሐሴ 2008 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኒው ዮርክ ሊንከን ሴንተር አደባባይ ዘፋኞቹ ማሕሙድ አሕመድና ዓለማየሁ እሸቴ በተገኙበት ታላቅ ትርዒት ላይም ከዚሁ ባንድ ጋር ቀርበዋል።

ብዙ ሰው ይህን ጋብቻ የሽማግሌና የወጣት፣ የአገር ባህልና የአውሮፓ ዐመፅ ድንገተኛ መገናኘት አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን ምክንያት ያለው ይመስለኛል። ሽለላ ከጀርባው የሚፈልገው የተቀነባበረ ስምም አይደለም፤ የማይናወጥ መሬት ነው፤ አንድን ሐረግ ሳይሰለች በኃይል የሚደጋግም፣ ሸላዩ ሲጮህ አብሮ የሚጮህ፣ ሸላዩ ዝም ሲልም ሜዳውን ባዶ የማይተው ተቀባይ ይፈልጋል። በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ ይህን ይሠሩ የነበሩት የነሐስ ነፊዎች ነበሩ፤ በአምስተርዳም ይህን የሠሩት ጊታሮችና ከበሮ ናቸው። የአንበሳ ጎፈር በራሳቸው ደፍተው በመድረክ ይቆሙ የነበሩት አቶ ጌታቸው ለሆላንዳውያኑ ብለው ከአነጋገራቸው አንዲት ነገር አልለወጡም፤ ሆላንዳውያኑ ናቸው ለሽለላ ተቀባይ መሆንን የተማሩት። እንግዳ ተቀባይ የሆነ ባህል ራሱን ሳያጠፋ እንዴት ሌላውን እንደሚያስተናግድ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። በፓሪስም ‹አካሌ ውቤ› ብለው ራሳቸውን የሰየሙ ፈረንሳውያን ሙዚቀኞች የእኛን የ1960ዎቹን ሙዚቃ ሥራቸው አድርገው ሲጫወቱ መታየታቸው፣ ያ የድሮ ሸክላ ምን ያህል ርቆ እንደ ተጓዘ ያሳያል።

አቶ ጌታቸው መኩሪያ በመጋቢት 26 ቀን 2008 ዓ.ም. በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ ሁሉ ምን ትምህርት እንወስዳለን? የዛሬው የሳክስፎን ተማሪ የኮልትሬንን ዜማ በጽሑፍ፣ የሌላውንም በቪዲዮ አግኝቶ ጣቱን ማሠልጠን ይችላል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን የጌታቸውን ሥራ ልጠና ብሎ ድምፆቹን አንድ በአንድ በኖታ ቢጽፋቸው፣ በእጁ የሚቀረው ቅርፊቱ ብቻ ይሆናል፤ ምክንያቱም ጌታቸው ራሳቸው የተማሩት ከኖታ ሳይሆን ከፎካሪ አፍ ነው። ተማሪው አስቀድሞ ሽለላውን በገዛ ድምፁ መሸለል፣ ቀረርቶውን በገዛ ትንፋሹ ማስረዘም፣ ፉከራውንም ቃል በቃል መያዝ አለበት፤ መሣሪያውን ወደ አፉ የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሆነ በየባንዱ የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ሥርዓት ቢያኖሩ፣ ወጣቱ የጌታቸውን ድምፅ ከመቅዳት ያመልጣል፤ የእርሱ ወገን የሚያውቀው ሌላ የቃል ጥበብ፣ የሙሾም ይሁን የሠርግ ዘፈን፣ የመንዙማም ይሁን የቅኔ ማሕሌት፣ እስከ ዛሬ በነሐስ ያልተነገረ ብዙ ቀርቷልና፣ በዚያ በኩል የራሱን በር ይከፍታል። እርሳቸው ያሳዩን አንድ በር ነው፤ የተቀሩትን መክፈት የሚገባው ቃሉን ከነትንፋሹ የሚያውቅ ትውልድ ነው።